ሮቦት ድራኩላ ቤት ምን ይሠራል?

(ረዥም ነው፤ ቡና ይዛችሁ ተቀመጡ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። «ከርስ ኦፍ ስትራድ»ን ልትጫወቱ ያሰባችሁ ካላችሁ ደግሞ ወደ መጨረሻው አካባቢ ምስጢር አወጣለሁ፣ ተጠንቀቁ።)

የርዕሱ ጥያቄ የእኔ አይደለም። ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን ከምንጫወተው አንዱ ጓደኛዬ ነው የጠየቀው። ለማታውቁት ላስረዳ፦ «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የሚባል ጨዋታ አለ። ጠረጴዛ ዙሪያ እንቀመጣለን። አንድ ሰው ተረቱን ይመራል፤ በእኛ ቤት ያ ሰው እኔ ነኝ፣ «አጫዋቹ» ይሉኛል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕሪ ይዘው «እንዲህ አደርጋለሁ፣ እንዲህ እላለሁ» ይላሉ። የሚያጠራጥር ነገር ሲመጣ ሃያ ገጽ ያለው ዳይስ ይጣላል። ልጆች ሆነን ተረት ሲነገረን «ቆይ፣ እኔ ብሆን ጅቡን እንዲህ አደርገው ነበር» እያልን እናቋርጥ አልነበር? በቃ እሱ ነው። ማቋረጥ የተፈቀደበት ተረት።

ዘንድሮ የያዝነው ጎቲክ ሆረር ነው። ባሮቪያ የምትባል በጉም የታጠረች አገር አለች፣ በገደል አፋፍ ላይ ግንብ አለ፣ በግንቡ ውስጥ ስትራድ የሚባል ቫምፓየር ጌታ አለ። አራት ወር ተጫውተነዋል።

ከዚያ የአክስቴ ልጅ መጣች። ስድስት ዓመት ዐረብ አገር ሠርታ ከተመለሰች ገና ሁለት ወሯ ነበር። ከቤት አትወጣም፣ ብዙም አታወራም። አክስቴ «ልጄ፣ እስኪ ይቺን እህትህን ይዘሃት ውጣ፣ የትም ይሁን» አለችኝ። እኔ ደግሞ ቅዳሜ ሌላ የምሄድበት ቦታ የለኝም፣ ይዣት ሄድኩ። ሁለት ቅዳሜ ዝም ብላ ተቀምጣ አየችን። በሦስተኛው መጽሐፎቼን ስታገላብጥ ቆየችና አንድ ሥዕል ላይ ጣቷን አሳርፋ «እኔ ይሄን እሆናለሁ» አለች። ዋርፎርጅድ ነው፤ ከእንጨትና ከብረት ተሠርቶ፣ ለጦርነት ተመርቶ፣ ግን የሚያስብና የሚናገር ፍጡር።

ጓደኛዬ ሳቀ። «ሮቦት ድራኩላ ቤት ምን ይሠራል? ጀት ይዘሽ ዐድዋ እንደመዝመት እኮ ነው!» እሷ መጽሐፉን ከደነችው። እውነቱን ለመናገር እኔም በሆዴ እንደሱ ነበር የማስበው። ጎቲክ ማለት ሻማ፣ ግንብ፣ የሬሳ ሳጥን ነው፤ ማሽን ሲገባበት ይበላሻል ብዬ። ግን ፊቷን ሳይ አፌ እምቢ አለ። አንድ ሳምንት ስጡኝ አልኩ። ይሄ ጽሑፍ የዚያ ሳምንት ውጤት ነው።

እንግዲህ ከመጀመሪያው እንነሳ።

በኤፕሪል 1815 ዛሬ ኢንዶኔዥያ በምንላት አገር ታምቦራ የሚባል እሳተ ገሞራ ፈነዳ። የበተነው አመድና ጋዝ ዓለምን ሸፈነ፣ በሚቀጥለው ዓመት አውሮፓ ውስጥ በጋ የሚባል ነገር ጠፋ፣ ሰብል ተበላሸ፣ ዝናቡ አላባራ አለ። በዚያ በጋ፣ ማለትም በ1816፣ ስዊዘርላንድ ጄኔቫ ሐይቅ ዳር ቪላ ዲዮዳቲ በሚባል ቤት የእንግሊዝ ወጣቶች ተሰብስበው ነበር። ባለቅኔው ሎርድ ባይረን፣ የግል ሐኪሙ ጆን ፖሊዶሪ፣ ባለቅኔው ፐርሲ ሼሊ፣ በኋላ ሚስቱ የምትሆነው ሜሪ፣ እና የሜሪ የእንጀራ እህት ክሌር። ሜሪ 18 ዓመቷ ነው። ዝናብ ስላሰራቸው የጀርመን የመናፍስት ታሪኮች እያነበቡ ሲያመሹ ባይረን «እያንዳንዳችን አንድ አስፈሪ ታሪክ እንጻፍ» የሚል ሐሳብ አመጣ።

ከዚያ ቤት ምን ወጣ መሰላችሁ? ሁለት ነገር። ሜሪ «ፍራንከንስታይን»ን ጀመረች። ባይረን አንድ ታሪክ ጀምሮ ተወው፤ ያንን የተተወ ሐሳብ ፖሊዶሪ አንስቶ «ዘ ቫምፓየር» የሚል ታሪክ አደረገው፣ በ1819 ታተመ። ከፖሊዶሪ በፊት በምሥራቅ አውሮፓ መንደሮች ወሬ ውስጥ ቫምፓየር ማለት ያበጠና ከመቃብር የወጣ የገበሬ ሬሳ ነበር። ቄንጠኛ፣ ባለ ማዕረግ፣ ሳሎን ገብቶ ሴት የሚያማልል ጌታ ያደረገው ፖሊዶሪ ነው። ድራኩላ በ1897 የመጣው፣ የእኛም ስትራድ የተወለደው ከዚያ ዘር ነው።

ማለትም ቫምፓየሩና የተሠራው ሰው የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ያው አንድ በጋ፣ ያው አንድ ዝናብ። ይሄን ለጓደኛዬ በቴሌግራም ጻፍኩለት። «እሺ፣ ግን ፍራንከንስታይን ሥጋ ነው፣ ይሄ ብረት ነው» ብሎ መለሰልኝ። ይሄ ሰው ጠበቃ መሆን ነበረበት።

ሐሳቡ ግን ቀላል አይደለም። የተሠራ ሰው ታሪክ ከሜሪ በፊት ብዙ ዘመን አለው፣ እና አብዛኛው ሥጋ አይደለም፣ ጭቃ ነው። በአይሁድ ታልሙድ ሳንሄድሪን በሚባለው ክፍል አንድ አጭር ታሪክ አለ። ራቫ የሚባል ሊቅ ሰው ፈጠረና ወደ ረቢ ዜራ ላከው። ረቢ ዜራ አናገረው፤ አልመለሰለትም። ያን ጊዜ ከባልንጀሮቹ እጅ የወጣ ሥራ መሆኑን አውቆ ወደ አፈርህ ተመለስ አለው። አለቀ፣ ታሪኩ ይሄው ነው። ረቢው ደሙን አልመረመረም፣ ጡንቻውን አላየም። አናገረው፣ ዝም አለ፣ ስለዚህ ሰው አይደለም።

በኋላ ጎለም የሚባለው ይሄ ነው። ከሁሉም የታወቀው የፕራጉ ጎለም ነው፤ በ1609 ባረፉት ረቢ ይሁዳ ለዌ ስም ይነገራል። ታሪኩ በእሳቸው ስም ተለጥፎ የተስፋፋው ግን ካረፉ ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ በተለይ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ግንባሩ ላይ «እውነት» የሚል የዕብራይስጥ ቃል ይጻፍበታል፤ የመጀመሪያዋን ፊደል ስትፍቃት «ሞተ» ይሆናል፣ ጭቃውም ይፈርሳል። አገልጋይ ነው፣ ውሃ ይቀዳል፣ እንጨት ይፈልጣል፣ ሕዝቡን ይጠብቃል። አይናገርም።

እዚህ ላይ ስደርስ ከእኛ ጋር የሚጫወተውን «ዲያቆኑ» የምንለውን ልጅ ደወልኩለት። (ዲያቆን አይደለም፤ ልጅነቱን ቄስ ትምህርት ቤት ስላሳለፈ ነው የወጣለት።) ታሪኩን ስነግረው ሳይጨርሰኝ ገባበት። «ሰባቱ ባሕርያት እኮ ነው» አለኝ። ሰው ከሰባት ባሕርያት ነው የተፈጠረው፤ አራቱ የሥጋ ናቸው፦ መሬት፣ ውሃ፣ ነፋስ፣ እሳት። ሦስቱ የነፍስ፦ ለባዊት፣ ነባቢት፣ ሕያዊት። የምታስብ፣ የምትናገር፣ በሕይወት የምትኖር። «የራቫ ሰውዬ አራቱን አግኝቷል፣ መንቀሳቀስም ይችላል፣ ነባቢቷ ግን የለችም።»

ስልኩን ዘግቼ ብዙ ቆየሁ። ነበበ በግዕዝ ተናገረ ነው። አማርኛው «አነበበ» ከዚያው ሥር የወጣ ነው። እና ሜሪ ሼሊ ምን እንዳደረገች ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

አብዛኛው ሰው የሜሪን መጽሐፍ ሲያስብ መብረቅ፣ ማሽን፣ የሚያጉረመርም ግዙፍ ሰውዬ ይመጣበታል። መጽሐፉ ውስጥ ያ የለም ማለት ይቻላል። ሕይወት እንዴት እንደተሰጠው በዝርዝር አይነገርም። እርግጥ ኤሌክትሪክ በዘመኑ ወሬ ነበር፤ በ1803 ጆቫኒ አልዲኒ የሚባል ጣሊያናዊ ለንደን ውስጥ በስቅላት የተቀጣ ሰው ሬሳ ላይ ኤሌክትሪክ ለቆ መንጋጋው ሲንቀሳቀስ፣ አንድ ዓይኑ ሲከፈት ሕዝብ አይቷል። ለሜሪ የቀረበው ነገር ግን ሌላ ይመስለኛል። በ1815 ያለ ጊዜዋ የተወለደች ሕፃን ልጇ ሞታባት፣ ልጅቷን እሳት ዳር አሻሽተዋት ስትነቃ በሕልሟ አይታ በማስታወሻዋ ጽፋለች። እሷን የወለደች እናትም በወለደች በ11ኛው ቀን ነው የሞተችው። መሥራትና መውለድ፣ መውለድና መሞት በዚያች ልጅ ዘንድ አንድ ላይ የተጠላለፉ ናቸው።

ወደ ነገራችን ስንመለስ፣ የሜሪ ፍጡር ይናገራል። ያውም እንዴት! ሠሪው ጥሎት ከሸሸ በኋላ ጫካ ገብቶ፣ ከአንድ ድሃ ቤተሰብ ጎጆ ጋር በተያያዘ ጠባብ መጠለያ ተደብቆ፣ በስንጥቅ እያየ ቋንቋ ይማራል። ለባዕድ አገር ሴት ሲያስተምሩ እሱም አብሮ ያጠናል። ማንበብ ይችላል፣ ከወደቀ ሻንጣ መጻሕፍት አግኝቶ ሚልተንንና ፕሉታርክን ያነባል። በመጨረሻም በተራራ የበረዶ ግግር ላይ ሠሪውን አግኝቶ ተቀምጦ ታሪኩን ይነግረዋል። የመጽሐፉ መሃል በሙሉ የእሱ አንደበት ነው። በደግነት ያዳመጠው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም ዓይነ ስውር ሽማግሌ። ዓይን ያላቸው ሁሉ አይተውት ጮኹ።

የራቫን ታሪክ ገልብጣዋለች ማለት ነው። እዚያ አናገሩት፣ አልመለሰም። እዚህ ይናገራል፣ የሚመልስለት ጠፋ።

መጽሐፉ ጃንዋሪ 1 ቀን 1818 ወጣ፣ 500 ቅጂ፣ የደራሲ ስም የለበትም። ፍጡሩም በመጽሐፉ ውስጥ ስም የለውም። (እባካችሁ «ፍራንከንስታይን» ሠሪው ነው። ይሄን ካላልኩ እንቅልፍ አይወስደኝም።)

አሁን በጣም የምወደው ክፍል መጣ። በ1820 ለንደን ሊሲየም ውስጥ፣ ኢንግሊሽ ኦፔራ ሃውስ ይባል በነበረው ቤት፣ ፕላንሼ የሚባል ጸሐፊ ቫምፓየሩን መድረክ ላይ አወጣው። ቫምፓየሩን የተጫወተው ቶማስ ፖተር ኩክ የሚባል ተዋናይ ነው። በ1823 እዚያው ቤት ሪቻርድ ብሪንስሊ ፒክ የሚባል ሰው የሜሪን መጽሐፍ ወደ ትያትር ቀየረው። ፍጡሩን ማን ተጫወተው? ያው ኩክ! አንድ ሰው በሦስት ዓመት ውስጥ በአንድ መድረክ ላይ ሁለቱንም ሆነ። ሮቦቱ ድራኩላ ቤት መግባት ብቻ አይደለም፣ አንድ ቆዳ ነው የለበሱት።

ግን በዚያ ትያትር ላይ አንድ ነገር ተወሰደበት። ድምፁ። የፒክ ፍጡር አይናገርም፤ በእጅና በሰውነት ብቻ ነው የሚጫወተው። ከአምስት ዓመት በፊት ሜሪ የሰጠችውን አንደበት መድረኩ መልሶ ቀማው። በማስታወቂያው ወረቀት ላይ ደግሞ የተዋንያኑ ስም ዝርዝር ውስጥ የእሱ ቦታ ላይ ስም አልተጻፈም፣ ሰረዝ ብቻ ነው ያለው፦ ———— ። ባሏ ሞቶባት ከጣሊያን የተመለሰችው ሜሪ በዚያው ዓመት ኦገስት ውስጥ ገብታ አየችው። ያቺን ሰረዝ ወደዳት፤ ስም የሌለውን በዚህ መንገድ መጥራት ጥሩ ነው ብላ በደብዳቤዋ ጽፋለች።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። በ1931 ዩኒቨርሳል የተባለው የሆሊውድ ስቱዲዮ በአንድ ዓመት ውስጥ «ድራኩላ»ንም «ፍራንከንስታይን»ንም አወጣ፤ መንትዮቹ እንደገና አብረው መጡ። ቫምፓየሩ ቤላ ሉጎሲ በሚያምር ድምፅ ያወራል። ቦሪስ ካርሎፍ ያጉረመርማል። በፊልሙ መግቢያ ላይ በካርሎፍ ስም ፋንታ የጥያቄ ምልክት ነው የተጻፈው። ሰረዟ ወደ ጥያቄ ምልክት አደገች ማለት ነው። መብረቁም የመጣው ከፊልሙ ነው።

እንግዲህ ጨዋታችን የተወለደው ከዚህ ከዲዳው ልጅ ነው። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ»ን በ1974 አወጡ። በ1977 በወጣው «ሞንስተር ማንዋል» ውስጥ አራት ጎለሞች አሉ፦ የሥጋ፣ የጭቃ፣ የድንጋይ፣ የብረት። የጭቃውን ጠንቋይ ሳይሆን የሃይማኖት ሰው ነው የሚሠራው፤ ፕራግ ትዝ ይበላችሁ። የሥጋውን መብረቅ ቢመታው አይጎዳም፣ እንዲያውም ይፈውሰዋል፤ እዚህ ደግሞ ካርሎፍ። የሚነጋገሩበት አንደበት የላቸውም። በ2000 በወጣው ሦስተኛ እትም ነገሩ በቁጥር ተጻፈ፦ አብዛኛው ፍጡር የማሰብ ነጥብ ሲኖረው ጎለም በዚያ ቦታ ላይ ሰረዝ ነው ያለው። ዜሮ እንኳ አይደለም፣ ሰረዝ። የፒክን ወረቀት አይተው ይሁን በአጋጣሚ፣ እኔ ግን ሳየው ደነገጥኩ።

በመሃል ቫምፓየሩ ወደ ጨዋታው ገብቷል። ትሬሲ ሂክማን የሚባል ሰው አንድ ጨዋታ ላይ ዋሻ ውስጥ እየሄደ በድንገት ቫምፓየር ያጋጥመዋል። ታሪክ የለው፣ ምክንያት የለው፣ እንዲያው ኮሪደር ላይ የቆመ ጭራቅ። «ይሄ ደግሞ እዚህ ምን ይሠራል?» ብሎ ጠየቀ። ቤቱ ገብቶ ከሚስቱ ከሎራ ጋር ለጥያቄው መልስ ሠሩለት፤ ግንብ፣ አገር፣ የጠፋ ፍቅር፣ የገደለው ወንድም። በ1983 «ሬቨንሎፍት» ተብሎ ታተመ። ስትራድ ማለት ያ ነው። ልብ በሉ፣ ጓደኛዬ የጠየቀው ጥያቄና ሂክማን የጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው። ሂክማን ግን ጥያቄውን በር መዝጊያ አላደረገውም።

ሬቨንሎፍት በ1990 ሰፋ ያለ ዓለም ሲሆን ከአገሮቹ አንዷ ላሞርዲያ ተባለች፤ በረዶ፣ ባሕር፣ ሞርደንሃይም የሚባል ሐኪምና የሠራው አዳም የሚባል ፍጡር። በሬቨንሎፍት እያንዳንዷ አገር የጨለማ ጌታ አላት፣ አገሪቱም እስር ቤቱ ናት። የላሞርዲያ ጌታ ሐኪሙ አይደለም፣ አዳም ነው። ስም አግኝቷል፣ ይናገራል፣ አገር ይገዛል፤ ግን ወንጀለኛው እሱ ተደርጓል። ይሄ ለብዙ ዓመት ሲያከራክር ኖሯል፣ እኔም ከሚያጉረመርሙት ወገን ነኝ። በ2021 በወጣው መጽሐፍ ገለበጡት፦ ጌታዋ ሠሪዋ ቪክትራ ሞርደንሃይም ሆነች፣ የተሠራችው ኤሊዝ ደግሞ አምልጣ የጠፋች። ሁለት መቶ ዓመት ፈጀ፣ ግን ደረሱበት።

የአክስቴ ልጅ የመረጠችው ዋርፎርጅድስ? እሱ ከሌላ ዓለም ነው፣ ኤቤሮን ከሚባል። በ2002 የጨዋታው አሳታሚ አዲስ ዓለም ፈጥራችሁ ላኩልኝ ብሎ ውድድር ሲያወጣ ከ10,000 በላይ ሐሳብ መጣለት፣ ኪት ቤከር አሸነፈ፣ መጽሐፉ በ2004 ወጣ። ታሪኩ ባጭሩ፦ መቶ ዓመት የፈጀ ጦርነት አለ። አንድ ሀብታም ቤተሰብ በፋብሪካ ወታደር እያመረተ ለሁሉም ወገን ይሸጣል። ወታደሮቹ ግን አሳቢ ሆነው ወጡ። ጦርነቱ ሲያልቅ በስምምነት ነፃ ናችሁ ተባሉ፣ አዲስ ማምረትም ተከለከለ። ወረቀቱ ላይ ነፃ ናቸው፤ ሥራ፣ ቤት፣ ስም ግን ማንም አላዘጋጀላቸውም። አንዳንድ አገር ውስጥ በዕዳ ተይዘው እንደ ድሮው ያገለግላሉ። «ሮቦት» የሚለው ቃል ራሱ ካሬል ቻፔክ በ1920 ባሳተመው የቼክ ትያትር ነው የመጣው፤ ሥሩ የግዳጅ ሥራ፣ ጭሰኛ ለባላባቱ የሚሠራው ዓይነት ማለት ነው። ያውም የቻፔክ ሮቦቶች ብረት አይደሉም፣ ሥጋ መሰል ነገር ናቸው። ይሄን ለጠበቃው ጓደኛዬ ስልክለት ዝም አለ። ያሸነፍኩባት ብቸኛ ቀን ናት።

ሕጉ እንኳ ግራ ተጋብቶ ነበር። በ2004 ዋርፎርጅድ «ሕያው ሥሪት» ነው ተብሎ የፈውስ ድግምት ግማሹ ብቻ ይሠራለታል ተባለ። ግማሽ ሰው! በ2019 በአዲሱ እትም ሰው መሰል ፍጡር ተብሎ ተመዘገበ፣ ፈውሱም ሙሉ ሆነ። ለተጫዋች ጥሩ ዜና ነው፤ ግን የቫምፓየሩ ማማለያም ሰው መሰል ላይ የሚሠራ ነው። ሰው ከሆንክ ስትራድም ያገኝሃል።

እሺ ታሪኩ ይብቃ፣ ወደ ባሮቪያ ልግባ። ምስጢር የማትፈልጉ እዚህ አቁሙ።

በ2016 በወጣው «ከርስ ኦፍ ስትራድ» ውስጥ ብዙ አጫዋች ሳያየው የሚያልፈው አንድ አንቀጽ አለ። ከባሮቪያ ሕዝብ ነፍስ ያለው ከአስር አንዱ ብቻ ነው ይላል። የቀሩት ይበላሉ፣ ይሠራሉ፣ ይፈራሉ፣ ግን ቀፎ ናቸው። ያቺን አንቀጽ እንደገና ሳነብ ተነስቼ ቆምኩ። ዘጠኙ ነፍስ የሌለው አገር ውስጥ አንድ ነፍስ ያላት የተሠራች ፍጡር ትገባለች፣ እነሱም «ዕቃ» ይሏታል። ከዚህ የበለጠ ጎቲክ ምን አለ?

ችግሩ ሌላ ቦታ ላይ ነበር፤ ማስፈራቱ ላይ። ዋርፎርጅድ አይበላም፣ አይጠጣም፣ አይተነፍስም፣ አይተኛም። ሌሊት ስድስት ሰዓት ሳይንቀሳቀስ ይቆማል፣ ግን ነቅቶ ነው። የሆረር ግማሹ የሌሊት አደጋ ነው፣ ሁልጊዜ ዘብ የሚቆም ካለ ምኑን አስፈራቸዋለሁ? ይሄን ለእሷ ስነግራት ምን አለች መሰላችሁ? «ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ መስማትማ አውቀዋለሁ። የሚያስፈራው እሱ ራሱ ነው።» ከዚያ በላይ አልጠየቅኳትም። ግን ጨዋታውን በእሱ ላይ ሠራሁት። ሁሉም ሲተኛ ስትራድ ይመጣል። ደም የላትም፣ የሚፈልገው ደሟን አይደለም። በአራት መቶ ዓመት ውስጥ ሌሊት ነቅቶ የሚያወራው ሰው ስላላገኘ ነው የሚመጣው። ጠዋት ስትነግራቸው ማንም ምንም አልሰማም።

አገባቧን ደግሞ እንዲህ አደረግኩት። ቫላኪ በምትባለው ከተማ አንድ አሻንጉሊት ሠሪ አለ፣ መጽሐፉ ውስጥ ያለ ሰው ነው። ጉሙ ከሌላ ዓለም አምጥቶ በሩ ላይ ጣላት። እሱ ትልቅ አሻንጉሊት መስላው አቧራዋን ጠርጎ መስኮት ላይ አቆማት፣ አንገቷ ላይም ዋጋ የተጻፈበት ወረቀት አሰረ።

ቅዳሜ ሆነ። ተጫዋቾቹ ሱቁ ገቡ። ገለጽኩላቸው። ጠበቃው ጓደኛዬ ወዲያው «ስንት ነው? እንግዛው፣ ለውጊያ ይጠቅመናል» አለ። ዲያቆኑ የወርቅ ሳንቲም መቁጠር ጀመረ። እሷ ዳይሱን በእጇ እያዟዟረች ቆየችና ወደ እኔ ዞረች።

«ስንት ነው የተጻፈብኝ?»

«ሃያ አምስት ወርቅ» አልኩ።

«ማንበብ እችላለሁ?»

«ትችያለሽ።»

«እንግዲያው ወረቀቱን በጥሼ እጁ ላይ አስቀምጣለሁ።» ከዚያ ወደ እነሱ ዞራ «መናገር እችላለሁ። እኔን ነው የምትጠይቁት» አለች። ሁለት ወር ሙሉ ያልሰማሁት ድምፅ ነው። ጓደኛዬ «እሺ እሱ ምን...» ብሎ ጀመረ። «እሷ በለኝ» አለችው። አማርኛችን መካከለኛ ቦታ የለውም፣ እሱ ወይ እሷ ነው። እሷ አልናት።

«ስምሽ ማነው?» አላት ጓደኛዬ። በጨዋታው ውስጥ ሆኖ ነው የጠየቃት። እሷ ግን ትንሽ ዝም አለችና፣ እንደ ቀልድ፣ እዚያ የሠራችበት ቤት ውስጥ ከእሷ በፊት በነበረችው ሠራተኛ ስም ስድስት ዓመት ሙሉ ይጠሯት እንደነበር ተናገረች። እመቤቲቱ አዲስ ስም መያዝ ስለማትፈልግ ነው አለች። ማንም አልሳቀም። ጓደኛዬ ዳይሱን አስቀመጠ፣ ከዚያ ተነስቶ ሻይ ቀዳላት። ይሄ ሰው ለራሱ እንኳ ቀድቶ አያውቅም።

ሦስት ቅዳሜ ሆነን ከእሷ ጋር ስንጫወት። ስትራድ ሁለት ሌሊት መጥቷል። በሁለተኛው ግንቡ ውስጥ ስላለው ቤተ መጻሕፍት ነገራት፣ ዲያቆኑ በጆሮው እየሰማ እንቅልፍ ላይ ስለሆነ መናገር አልተፈቀደለትም፣ ሊፈነዳ ነበር። የገጸ ባሕሪዋን ወረቀት ትናንት ማታ ሳስተካክል አየሁት። ጉልበት ተሞልቷል፣ ቅልጥፍና ተሞልቷል፣ ማሰብ 14 ነው። ከላይ ስም በሚለው ቦታ ላይ ግን በእስክሪብቶ አንድ ረዥም መስመር አስምራበታለች። ስለ 1823ቱ ወረቀት አልነገርኳትም፣ ይሄን ጽሑፍ ስታነብ ነው የምታውቀው።

አሁን የቸገረኝ ሌላ ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ የስትራድ የእራት ግብዣ ደብዳቤ ይደርሳቸዋል። ደብዳቤውን በእጄ ጽፌ፣ አጥፌ፣ በሰም አሽጌ ነው የምሰጣቸው፣ የእያንዳንዱ ስም በየፖስታው ላይ አለ። አራቱን ጽፌያለሁ። የእሷ ፖስታ ባዶውን ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል። ስትራድ ደግሞ ሁሉን አውቃለሁ የሚል ሰውዬ ነው፣ ባዶ አይልክም። ምን ብሎ ይጻፍላት? ሐሳብ ያላችሁ እስከ ዓርብ ማታ።